ጅምላ ሻጩ አንድ ካርቶን ዘይት አብልጦ ልኮልኛል፤ ልመልስ ወይስ ለድሮው ኪሳራዬ ልያዘው?

ባለሱቁ ከአያት

ሰላም ለሁላችሁ። አያት አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ዕቃ የማመጣው ከመርካቶ ነው፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ዳይፐር፣ የተለመደው። በቀደም ባለ 5 ሊትር ዘይት 10 ካርቶን ከፍዬ በዳማስ አስመጣሁ። ማታ ዘግቼ ስደረድር 11 ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ 11 ነው። ደረሰኙ 10 ይላል። በሞባይል የላክሁትም ብር የ10 ነው። አንዱ ካርቶን 4 ፍሬ ይይዛል፤ በአሁኑ ዋጋ አምስት ሺህ ብር ገደማ ማለት ነው። ለኔ ቢጤ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ሰው ሁሉ "መልስ" እንደሚለኝ አውቃለሁ። ጥያቄዬ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ከዚሁ ሰውዬ ጋር ቂም አለኝ። ከፋሲካ በፊት የልብስ ሳሙና አስመጥቼ ሁለት ካርቶን ጎደለ። በማግስቱ ሄድኩ። ሰውዬው ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም። ግድግዳው ላይ የለጠፈውን "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት በጣቱ አሳየኝና "ከበር ከወጣ በኋላ የጎደለውን እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሾፌሩን ጠይቅ" አለኝ። ሾፌሩን ጠየቅኩ፣ እሱም ማለ ተገዘተ። ኪሳራው እኔው ላይ ቀረ።

አሁን ዘይቱ የሳሙናውን ኪሳራ ሸፍኖ ትንሽ ይተርፋል። ባለቤቴ "እግዜር ራሱ ሒሳቡን አወራረደልህ፣ ምን ያስጨንቅሃል" ትላለች። እኔ ግን ካርቶኑን ለይቼ ጥግ አስቀምጬዋለሁ፤ መሸጡም መመለሱም አልሆነልኝም። እሱ ሲያጎድል "ከበር ከወጣ አላውቅም" ካለ፣ ሲያበዛ ያው ሕግ ለምን አይሠራም? ደግሞ ብደውልለት "እንዴት ያለህ ጨዋ ልጅ ነህ" ብሎ ካርቶኑን ወስዶ ስለ ሳሙናው አንዲት ቃል እንደማይተነፍስ ከወዲሁ ይታየኛል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ስብከት ግን አልፈልግም፣ እሱን እናቴ ጨርሳዋለች።

አራዳው

ወንድሜ ዘይቱን ሽጠውና ፈታ በል። የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ አንድ ካርቶን ስለጎደለው አይደኸይም። ስንት ጊዜ "ዘይት የለም" ብሎ ደብቆ፣ በማግስቱ ጨምሮ የሚሸጥ ሰው ነው። ያንተ ሳሙና ሲጎድል እሱ እንቅልፍ አጥቷል? የከፈልከው ለ10፣ ደረሰኙ ላይ ያለው 10። አንድም ሰው አይጠይቅህም። አለቀ።

የስቶር ልጅ

አራዳው፣ "አንድም ሰው አይጠይቅህም" ያልከው ልክ ነው። እሱን አይጠይቁትም። የሚጠየቅ ሌላ ሰው አለ። እዚያው መርካቶ ጅምላ ቤት ስቶር ላይ ለዓመታት ስለሠራሁ አካሄዱን ልንገራችሁ።

ባለቤቱ የሚቀመጠው ሱቁ ውስጥ ነው። ዕቃው ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ አንዳንዴ የሕንፃው ምድር ቤት፣ አንዳንዴ ሁለት መንገድ ተሻግሮ። ገዢው ሱቁ ጋ ይከፍላል፣ ደረሰኙንና የዕቃ መውጫውን ወረቀት ይይዛል፣ ወረቀቱን ስቶር ላለው ልጅ ያስረክባል። ልጁ ይቆጥራል፣ ተሸካሚዎች ያወጣሉ። ልጁ ብቻውን ነው። ረፋዱ ላይ አምስት ስድስት ገዢ ወረቀት እያወዛወዘ ይጮህበታል፣ መንገድ የዘጋ አይሱዙ ጥሩምባ ይነፋል፣ ትራፊክ መጣ ይባላል፣ ተሸካሚው የሚከፈለው ባወጣው ልክ ስለሆነ "ቁጠር እንጂ!" እያለ ይቆጣል። በዚህ መሃል ነው 10 የነበረው 11 የሚሆነው። ወይም 9።

በወር መጨረሻ ቆጠራ አለ። የገባና የወጣ ዕቃ በሚጻፍበት ካርድ መሠረት ይህን ያህል ዘይት መኖር አለበት፤ መደርደሪያው ላይ ያለው አንድ ያንሳል። ባለቤቱ አይመራመርም። ከልጁ ደመወዝ ይቆርጣል። የስቶር ልጅ ስንት እንደሚከፈለው የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ አንድ ካርቶን ዘይት ወሩን ነው የሚበላበት። ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ደግሞ ደግ ነበር። ሁለተኛ ከተደገመ "ከተሸካሚ ጋር እየተመሳጠረ ያወጣል" ይባላል። ከዚያ ዋሱ ይጠራል። ያለ ዋስ ስቶር የሚያስይዝ ነጋዴ አላየሁም፣ ዋሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አጎት ወይም የአገር ሰው ነው። ልጁ ከዚያ ቤት ሲወጣ ሌላ ቤት የሚቀጥረው የለም፣ ምክንያቱም ነጋዴዎቹ ሁሉ ይተዋወቃሉ፣ ሻይ የሚጠጡትም አንድ ቦታ ነው።

ስለዚህ ባለሱቁ፣ አንተ የተቀየምከው ወንበር ላይ ያለውን ሰውዬ ነው፤ የምትቀጣው ግን እሱን አይደለም። ሳሙናህ የጎደለ ጊዜም ሾፌሩ ካልወሰደው በቀር ስቶር ውስጥ ሁለት ካርቶን ሳሙና ተርፏል ማለት ነው። ትርፉ የማን ሆነ? የባለቤቱ። ሲጎድል ከልጁ ይቆረጣል፣ ሲተርፍ ለባለቤቱ ይገባል። በሠራሁባቸው ቤቶች ሁሉ እንዲህ ነበር።

ባለሱቁ ከአያት

ልጁን አውቀዋለሁ። ከሲታ ነው፣ ጆሮው ላይ እስክሪብቶ ይሰካል፣ "ጋሼ" ነው የሚለኝ። እሺ፣ ግን ሳሙናውንም የቆጠረው እሱ ራሱ ነው እኮ! ለሱ ብዬ ብመልስ ደግሞ ሰውዬው አብሮ ይጠቀማል። ሁለቱን እንዴት ልለያቸው?

ጠበቃ ነኝ መሰል

ስብከት አልፈልግም ስላልክ ሕጉን ብቻ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይሄን ጉዳይ አልረሳውም። አንቀጽ 2162፣ በሌላ ሰው ንብረት ወይም ድካም ያለ በቂ ምክንያት ጥቅም ያገኘ ሰው ባገኘው ልክ ይክሳል ይላል። አንቀጽ 2164 ደግሞ መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ማስመለስ እንደሚችል ይደነግጋል። "እኔ አልሰረቅኩም፣ ራሳቸው ናቸው የጫኑልኝ" የሚለው ክርክር እዚህ ብዙ አያስኬድም። ስህተቱ የነሱ ነው፣ ካርቶኑም የነሱ ነው።

ስለ ግድግዳው ወረቀት ልጨምር፣ እሱ ነገር ሁሌም ያናድደኛል። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ስለ ተሸጠ ዕቃ ነው የሚያወራው። አሥራ አንደኛው ካርቶን አልተሸጠልህም። ሳሙናው ላይም ወረቀቱ አይሠራም፤ አንተ የሄድከው የገዛኸውን ልትመልስ ሳይሆን፣ ከፍለህ ያልተረከብከውን ልትጠይቅ ነው። ያን ቀን ባዶ እጅህን የመለሰህ ሕግ ሳይሆን የሰውዬው ድፍረት ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄህ፦ ልያዝበት ወይ? ዕዳን በዕዳ ማቻቻል በሕግ አለ። ግን የሚቻቻለው ልኩ የታወቀና መክፈያው የደረሰ ዕዳ ነው። የዘይቱ ዕዳህ ግልጽ ነው። የሳሙናው ግን ክርክር አለበት፤ እሱ "አላጎደልኩም" ይላል፣ አንተ ደግሞ በእጅህ ያለው ቃልህ ብቻ ነው። ከዚያም በላይ፣ እሱ ጭራሽ በማያውቀው ሁኔታ አንተ ልብህ ውስጥ የምታወራርደው ሒሳብ ማቻቻል አይደለም። መያዝ ከፈለግክ ቢያንስ ደውለህ "አንድ ካርቶን ዘይት በዝቶ መጥቷል፣ ሁለት ካርቶን ሳሙና አለብህ፣ እንተሳሰብ" በለው። ያኔ ጉዳዩ የሁለት ነጋዴዎች ክርክር ይሆናል።

ካሸር የነበረች

የስቶር ልጅ የጻፈውን ሳነብ ሆዴን በላኝ። እኔ ሱፐርማርኬት ካሽ ላይ ነበርኩ። የኛ ደግሞ ወር እንኳ አይቆይም፣ ያው ማታ ነው። ስትዘጊ ከማሽኑ ዜድ ሪፖርት፣ ማለትም የቀኑ ሽያጭ ድምር፣ ይወጣል፣ መሳቢያሽ ውስጥ ያለው ብር ከሱ ጋር ይተያያል፣ ከጎደለ "ሾርት ገብተሻል" ትባያለሽ። ከደመወዝሽ ይቆረጣል። ሲተርፍ ግን አንቺ አትወስጂውም። በ2013 መጀመሪያ አዲሶቹ ብሮች ወጥተው ሁለት መቶ ብር ኖት ሲጀመር የነበረውን ጭንቅ የዚያን ጊዜ ካሸር የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። እጃችን አለመደውም፣ ዓይናችንም አለመደውም።

አንድ ነገር ግን ሰው የማይለየው አለ። መልስ አብልጬ ከሰጠሁህ ጉድለቱ የዚያኑ ማታ የኔ ነው፣ ስሜ ላይ ነው። ሁለት ሻምፖ ይዘህ አንዱን ብቻ ስካን ካደረግኩ ግን ብሩ ልክ ይመጣል፤ ሻምፖው የሚጎድለው በዕቃ ቆጠራ ጊዜ ነው፣ ያኔ ማን እንዳሳለፈው አይታወቅም፣ እኛ ጋ ለሠራተኛው ሁሉ ይካፈል ነበር። ለሁለቱም ብትመለስ ደስ ይለኛል፣ ግን መልስ የበዛበት ሰው እባክህን ከመዝጊያ ሰዓት በፊት ድረስ። በማግስቱ ስትመጣ እኔ ከፍዬዋለሁ።

ሌላው የአመላለስ ነገር ነው። አንዳንድ ደንበኛ በደግነቱ መጥቶ ሰው በተሰለፈበት "ይቺ ልጅ ትናንት ሁለት መቶ ብር አብልጣ ሰጥታኝ ነበር፣ እኔ ግን የሰው ገንዘብ አልበላም!" ብሎ ያውጃል። ሱፐርቫይዘሯ ከኋላዬ ቆማለች። እሱ ተመስግኖ ይሄዳል፣ እኔ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብኛል። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ግን ሰልፍ እስኪያልቅ ጠብቀው፣ አንድ ማስቲካ ገዝተው፣ ብሩን ከማስቲካው ሒሳብ ጋር አጣጥፈው በእጄ ሰጡኝ። "ልጄ ተሳስተሽ ነው" አሉኝ ቀስ ብለው። እስካሁን አልረሳቸውም።

ባለሱቁም ቢመልስ ለጅምላ ቤቱ ባለቤት በስልክ ከመጮኹ በፊት ልጁን ያናግር። ቅድሚያ ለሱ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። እዚህ ሌላ ዓይነት ነው። ከትልቅ የኦንላይን ሱቅ አንድ ብርድ ልብስ አዝዤ ሁለት መጣ። ደወልኩላቸው፣ ልጅቷ "ያዢው፣ ማስመለሻው ከዋጋው ይበልጣል" አለችኝ። ተገላገልኩ። አንድ ጓደኛዬ ግን ሳይደውል ነው የሚይዘው። "ያላዘዝከው ዕቃ በስምህ ከመጣ ስጦታ ነው፣ የአሜሪካ ሕግ ነው" ይላል። ሕጉ አለ፣ እውነት ነው። ግን የወጣው ሰው ያላዘዘውን ነገር በፖስታ እየላኩ "ክፈል" የሚሉ አጭበርባሪዎችን ለመከላከል ነው። አንዱን ያዘዘ ሰው ሁለት ሲመጣለት ተመሳሳይ ነው ወይ? እኔ አይመስለኝም። ደግሞ መደወል ምን ያስከፍላል?

የሚገርመኝ ይሄው ጓደኛዬ ያንን አመል ይዞ የሐበሻ ሱቅ መግባቱ ነው። እዚያ ካሽ ላይ ያለችው ባለቤቷ ራሷ ናት፣ ልጇ ኋላ በርበሬ ይመዝናል። የእንጀራውን ሒሳብ ረስታ ስታሳልፈው ዝም ብሎ ይወጣል፣ መኪና ውስጥ ገብቶ ይስቃል። ትልቁ ኩባንያ "ያዢው" ያለኝ ኪሳራውን ከነ መጓጓዣው አስልቶ ነው። እሷ ምንም አላሰላችም፣ ረስታ ነው እንጂ።

ተጠራጣሪው

ሁላችሁም ጻድቅ ሆናችኋል፣ ጥሩ ነው። ግን መጋቢት 2016ን ረሳችሁት? የንግድ ባንክ ሲስተም ዓርብ ሌሊት ተበላሽቶ ሰው የሌለውን ብር ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ኤቲኤም ላይ በፒጃማ ተሰልፈው ነበር ሲባል ሰማን። ያኔ "የባንክ ነው፣ ማንም አይጎዳም" ያላለ ማን ነው? በኋላ ግን ባንኩ መልሱ አለ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎቻቸው ማስታወቂያ አወጡ፣ ያልመለሰ ሰው ስሙና ፎቶው በየቅርንጫፉ ተለጠፈ። ብዙው ሰው የመለሰው ዱካ ስላለው ነው። የካርቶን ዘይት ዱካ የለውም።

አሁን ደግሞ ክርክራችሁ ሁሉ "ልጁ ይጎዳል" የሚል ነው። ልጁ ባይኖርስ? ባለቤቱ ራሱ ቆጥሮ ራሱ ቢጭን፣ ያው አፉ ክፉ የሆነው ሰውዬ፣ ያኔ ይበላል ማለት ነው?

የስቶር ልጅ

ጥሩ ጥያቄ ነው። አይበላም። ልጁን ያነሳሁት ባለሱቁ ሰውዬውን የቀጣ ስለመሰለው ነው እንጂ፣ ልጁ ባይኖርም ዘይቱ የባለሱቁ አይሆንም። ልዩነቱ ልጁ ከሌለ ለመመለስ አለመቸኮል ይቻላል። ከሰውዬው ጋር ቁጭ ብሎ፣ ዘይቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ፣ ስለ ሳሙናው እስኪበቃው መጨቃጨቅ ይቻላል። ልጁ ካለ ግን ቆጠራ ይደርስበታል።

ጋሽ ጅምላ

ልጆች፣ እኔ በዚህ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ወንበር ላይ ከሚቀመጡት ወገን። ሁለት ነገር ልበል።

ባለሱቁ፣ ብትመልስ ዱቤ ይሰጥሃል፣ ያከብርሃል የሚሉህ ካሉ አትስማ። አንዳንዱ ያመሰግንና ከሰዓት በኋላ ይረሳዋል። የሰው ሐቅ ስለሆነ መልስ፣ ሌላ ነገር አትጠብቅበት።

አመላለሱ ላይ ግን ካሸር የነበረችው ያለችው ግማሹ ነው። ልጁን አስቀድመህ አናግር፣ ልክ ነው። ግን ካርቶኑን በዝምታ በልጁ እጅ ብቻ አትስጥ። ለምን ብትል፣ ልጁ ታማኝ ቢሆንም ነገ ባለቤቱ "ይሄ ከየት መጣ" ብሎ ሊይዘው ይችላል፤ ታማኝ ካልሆነ ደግሞ ካርቶኑ በሌላ በር ይወጣል፣ ቆጠራው ላይ ያው ይጎድላል። ለልጁ ደውለህ "አንድ ዘይት በልጦ መጥቷል፣ በሚቀጥለው ጭነት እልካለሁ፣ ለአለቃህ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ" በለው። ከዚያ ለባለቤቱ አጭር መልእክት ጻፍለት፣ የደረሰኙን ቁጥር ጨምረህ። ስልክ ሳይሆን ጽሑፍ፣ ጽሑፍ ይቀመጣል። ካርቶኑ ሲገባ ደግሞ መውጫ ወረቀቱ ጀርባ ላይ "1 ካርቶን ተመላሽ" አስብለህ አስፈርም።

ሳሙናው ለብቻው ነው። ከዘይቱ ጋር አታስተሳስረው፣ ካስተሳሰርከው "ዘይቴን ይዞ አስፈራራኝ" ይላል። ካርቶኑን ከመለስክ በኋላ ግን በሙሉ አፍህ ጠይቅ፦ "ከፋሲካ በፊት በነበረው ቆጠራ ሳሙና ተርፎ እንደሆነ ካርዱን እይልኝ።" የስቶር ልጅ እንዳለው የጎደለብህ እዚያ ከሆነ ሁለት ካርቶን ተርፎ ተጽፏል፣ ወረቀቱ አይጠፋም። ተርፎ ካልተገኘ ደግሞ ወደ ሾፌሩ ዙር። እኔ እንዲህ አድርጎ የመጣብኝን ደንበኛ ባዶ እጁን መልሼው አላውቅም፣ ሌላው ግን እንጃ።

ለወደፊቱ ዳማሱ ላይ ሲጫን አንተ ወይም ያንተ ሰው ቆሞ ይቁጠር። መቆም ካልቻልክ ሾፌሩ ቆጥሮ መውጫው ላይ ይፈርም። ሾፌር ሲፈርም እንዴት እንደሚቆጥር ታየዋለህ።

አራዳው

እኔ አሁንም ሽጠው ባይ ነኝ፣ ከሰውዬው ጋር ከሆነ። "ጋሼ" የሚልህን ልጅ ካስገባችሁበት ግን ይከብዳል። ቆጠራው መቼ እንደሆነ ጠይቀው፣ ወሩ ሊያልቅ ነው። የሚቀጥለውን ጭነት አትጠብቅ፣ ነገ ጠዋት ወደ መርካቶ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ጫነው።